ምዕራፍ ሰባት፦ ፈቃዱ የግጥሙ ነው

ነሐሴ 16 ቀን የፍልሰታ ጾም ይፈታል። ከዚያች ዕለት ጀምሮ በቆቦ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ የራያ ቀበሌዎች ልጃገረዶች አጊጠው፣ ከበሯቸውን ይዘው፣ በቡድን በቡድን ከደጅ ደጅ ይዞራሉ። ሶለል ነው። ሰቆጣ ላይ ሻደይ፣ ላሊበላ ላይ አሸንድዬ፣ ትግራይ ውስጥ አሸንዳ የሚባለው የልጃገረዶች ጨዋታ የቆቦ ስሙ ይህ ነው። ልጆቹ አንድ ደጃፍ ላይ ቆመው ባለቤቱን ያወድሳሉ፤ እጁን ካልዘረጋ ደግሞ ይሸነቁጡታል። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ አባቷ የሚሆነውን ሰው፣ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ፣ ስስታም መሆኑን ትነግረዋለች። ሰውየው ይስቃል፤ ኪሱን ይዳብሳል።

ያችው ልጅ ያንኑ ቃል በመስከረም ወፍጮ ቤት አግኝታው ብትናገረው ነገሩ በሳቅ አያልቅም። እናቷ ይቅርታ ልትጠይቅ ትሄዳለች፤ ሲብስም ሽማግሌ ይገባበታል። ተናጋሪዋ ያው ናት፤ ተነቃፊውም ያው ነው፤ ነቀፋውም አልተለወጠም። አንደኛው ቃል ስድብ፣ ሌላው ጨዋታ የሆነው ለምንድን ነው? ይህ ምዕራፍ የሚያብራራው ይህን አንድ ነገር ነው፤ በሥነ ቃል ጥናት ውስጥ ከዚህ የሚልቅ ጥያቄ ብዙ ያለ አይመስለኝም። ሥነ ቃል ስንል፣ በመግቢያው እንዳልነው፣ ሳይጻፍ ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፈውን ጥበብ ሁሉ ማለታችን ነው።

በምዕራፍ ሦስት ሚልማን ፓሪና አልበርት ሎርድ በዩጎዝላቪያ ካገኟቸው ባለዜማዎች ጋር ተዋውቀናል። አንድ ባለዜማ ሺህ መስመር የሚያወርደው ሺህ መስመር ሸምድዶ አለመሆኑን፣ በእጁ ባሉ የተዘጋጁ ሐረጎች እዚያው እየገጣጠመ መሆኑን አይተናል። በምዕራፍ አምስት ደግሞ ስለ ሰምና ወርቅ ተነጋግረናል። ሁለቱም እዚህ ያስፈልጉናል።

ደመናው አንድ፣ ስንኙ አራት

ከዚህ በታች ያሉትን ስንኞች ለማስረጃ ብዬ እኔው ገጥሜያቸዋለሁ፤ የማንም ዘፈን አይደሉም። ልካቸው ግን በሰፊው የታወቀው የአማርኛ የግጥም ልክ ነው፦ አንዱ መስመር ስድስት ስድስት ቀለም ባላቸው ሁለት እኩሌታዎች ይከፈላል። ዞብል ከቆቦ በስተ ምሥራቅ የሚታየው ተራራ ነው፤ ከጀርባው የአፋር ምድር ይጀምራል። ልጃገረዶቹ ከአንድ ቆጣቢ ሰው ደጅ ቆመዋል እንበል፦

ዞብል ላይ ደመና ከበደ ጠቆረ፣
የጌታው መሶብ ግን ዘንድሮም ታጠረ።

አሁን ወደ ጎረቤቱ ዞሩ። እመቤቲቱ ገና ከበሮው ሲሰማ በሩን ከፍታለች፦

ዞብል ላይ ደመና ከበደ ጠቆረ፣
በእመቤቴ ደጃፍ እህል ተከመረ።

ሦስተኛው ስፍራ ሠርግ ቤት ይሁን። ከደጋ የመጡ ሚዜዎች ቆላውን አናንቀዋል፤ የራያ ጎበዝ ይመልሳል፦

ዞብል ላይ ደመና ከበደ ጠቆረ፣
ጎርፉን ጠልፎ ማረስ ራያን መች ቸገረ።

አራተኛው ዘፋኝ ደግሞ ይመጣል የተባለ ነገር ሳይመጣ የቀረበት ገበሬ ነው። ማዳበሪያ ሊሆን ይችላል፤ መንገድ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ምን እንደሆነ አይናገርም፦

ዞብል ላይ ደመና ከበደ ጠቆረ፣
ዝናቡ ግን ወርዶ ሌላገር አደረ።

የመጀመሪያው መስመር አንድ ፊደል አልተለወጠም። ነቀፋው፣ ውዳሴው፣ ኩራቱና አቤቱታው በአንድ በር ገብተዋል። ሎርድ የተዘጋጀ ሐረግ ያለው ይህን ነው፤ ሐረጉ ዘፋኙን ከማሰብ ያሳርፈዋል፤ የሁለተኛውን መስመር ቃል የሚፈልግበት ጊዜ ይሰጠዋል። በምዕራፍ ሦስት እዚህ ላይ አቁመን ነበር። አሁን አንድ እርምጃ እንጨምር፤ ያ ሐረግ የሚጠቅመው ዘፋኙን ብቻ አይደለም።

አድማጩን እንመልከተው። “ጠቆረ” ሲባል የሰማ ሰው የሚቀጥለው መስመር በ“ረ” እንደሚያልቅ ያውቃል። ሳይታወቀው ቃል መፈለግ ይጀምራል፤ ታጠረ? ተከመረ? ቸገረ? ሁለተኛው መስመር ሲደርስ ግማሹን ራሱ ብሎታል። በዚያ ላይ አቀንቃኟ አንዴ ካለችው በኋላ ተቀባዮቹ ያንኑ እያጨበጨቡ ይመልሱታል፤ ከበሮውም ይከተላል። እንግዲህ ቆጣቢውን ሰው ማን ነቀፈው? አንዲት ልጅ ብቻ አይደለችም። የሃያ ልጆች አፍ፣ ቤት ለመድፋት የሚጠብቅ የጎረቤት ጆሮ፣ ከአያት የመጣ ዜማ ሁሉ አብረው ነቅፈውታል። ሰውየው ቢቆጣ የሚቆጣው በማን ላይ ነው?

አራተኛው ስንኝ ውስጥ ያለው ኃይልም እዚሁ ላይ ነው። ባለሥልጣን ሰምቶ “ይህ ምን ማለት ነው?” ቢል “ስለ ዝናብ ነው ጌታዬ” ይባላል። ብዙዎች ሰምና ወርቅ ለመደበቂያ ብቻ የተሠራ ይመስላቸዋል፤ እኔ ግን ከመደበቅ ይልቅ የሚበልጥ ሥራ የሚሠራ ይመስለኛል። ባለሥልጣኑ ወርቁን ያውቀዋል፤ ሕዝቡም ማወቁን ያውቃል። ከተቆጣ ግን “ዝናቡ እኔ ነኝ፤ ሌላ አገር ያደርኩትም እኔ ነኝ” ብሎ በአደባባይ ፈረመ ማለት ነው። ግጥሙ ተከሳሹ ራሱን እንዲጠራ ያደርጋል።

ጎርፍ እንደሚጠለፍ

የቆቦ ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ 1500 ሜትር አካባቢ ነው። የሚታረሰው በራሱ ዝናብ ብቻ አይደለም። በስተ ምዕራብ ያለው የላስታ ደጋ ላይ ሲዘንብ ውሃው እንደ ሆርማትና ጎሊና ባሉ ወንዞች ቁልቁል ይወርዳል፤ ሲደርስ ደራሽ ጎርፍ ነው። ጎርፉን ፊት ለፊት ልግታህ ያለ ሰው ግድቡንም ማሳውንም ያጣል። የራያ ገበሬ የሚያደርገው ሌላ ነው። ወንዙ ደረቅ አሸዋ ሆኖ ሳለ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ በድንጋይ፣ በአፈርና በእንጨት ቅርንጫፍ ዘወር ያለ ክትር ይሠራል። ጎርፉ ሲመጣ ክትሩ አይገድበውም፤ ጎትቶ ወደ ቦይ ያስገባዋል፤ ቦዩም ለማሽላው ያደርሰዋል። ጉልበቱ እንዳለ ነው፤ አቅጣጫው ግን ተለውጧል።

የዘፈን ወቅት እንደዚህ ክትር ነው። በአንድ ቀበሌ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ቅሬታ ይጠራቀማል፦ ሀብት ያደላት ጎረቤት፣ ያበደረውን የሚያዋርድ ሰው፣ መሬት ሲለካ ያጎደለ ሹም። ይህ በቀጥታ ሲነገር ጠብ ነው፤ ጠብ ደግሞ በራያ እንደ ማንኛውም ገጠር ደም ሊያቃባ ይችላል። ሶለል፣ ሠርግ፣ ወንፈል፣ ለቅሶ፣ የቡና ሰዓት፣ እያንዳንዳቸው ቀድመው የተሠሩ ክትሮች ናቸው። ቃሉ በእነሱ በኩል ሲመጣ ጉልበቱን ሳያጣ ይገራል።

በዚህ ምስል ውስጥ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው ክትሩ መቼ እንደሚሠራ ነው። ጎርፉ ከደረሰ በኋላ ክትር የሚሠራ የለም። ስስታም የተባለው ሰውም ነሐሴ 16 ቀን ጠዋት ፈቃድ ተጠይቆ አልሰጠም። ፈቃዱ የተሰጠው እሱ ልጅ ሳለ፣ እህቶቹ ከደጅ ደጅ ሲዞሩ፣ የጎረቤቱን ሰውዬ ሲሸነቁጡ ሰምቶ አብሮ የሳቀ ጊዜ ነው። ያኔ ተስማምቷል። አሁን ተራው ሲደርስ ውሉን ማፍረስ አይችልም። ክትሩ ደግሞ በየዓመቱ ይታደሳል፤ አንድ ዓመት ያልታደሰ ክትር በሚቀጥለው ክረምት ውሃ አይጠልፍም። ወደዚህ ነጥብ እንመለሳለን።

የዛምቤዚ አገዳ ቆራጮች

ይህ ፈቃድ የራያ ብቻ አይደለም። ሊሮይ ቬይልና ላንዴግ ዋይት የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በደቡባዊ አፍሪካ የሕዝብ ዘፈን ሰብስበዋል። ካጠኗቸው አንዱ በሞዛምቢክ፣ በዛምቤዚ ወንዝ ዳር፣ የስኳር አገዳ እርሻ ሠራተኞች የሚዘፍኑት “ፓይቫ” የተባለ ዘፈን ነው። ሠራተኞቹ በፖርቱጋሎች አገዛዝ ዘመን በግዳጅ ሥራ የሚማቅቁ ሰዎች ነበሩ። ዘፈኑ የኩባንያውን ጌቶች ይሳደባል፤ ለአሥርት ዓመታትም ተዘፍኗል። ያንን ስድብ አንድ ሠራተኛ በተራ ንግግር ቢናገረው የሚጠብቀው ግርፋት ነበር።

ሁለቱ ሰዎች ከዚህና ከሌሎች ዘፈኖች ተነሥተው እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት መጽሐፍ አንድ ሐሳብ አቀረቡ። ከእነሱ በፊት የነበሩ ብዙ አጥኚዎች ለመናገር ልዩ መብት ያለው ባለቅኔው ነው ይሉ ነበር፤ እንደ ቤተ መንግሥት አወዳሽ ያለ፣ ሙያውና ማዕረጉ የሚከልለው ሰው። ቬይልና ዋይት ይህን ገለበጡት። ፈቃዱ የሰውየው አይደለም፤ የግጥሙ ነው አሉ። ማንም ሰው፣ ሴትም ብትሆን፣ የቀን ሠራተኛም ቢሆን፣ ቃሉን በግጥም መልክ እስካቀረበ ድረስ በዚያ ከለላ ሥር ይገባል።

የእኛን አገር ነገር በዚህ ዓይን ስናየው ብዙ ይፈታል። አዝማሪን ስናስብ ወዲያው የሚመጣልን ማሲንቆ ያነገበ፣ ሹማምንትን የሚተች ልዩ ሰው ነው። የሶለል ልጆች ግን አዝማሪ አይደሉም። በለቅሶ ቤት ሙሾ የምታወርደው ሴት፣ በወፍጮ ድንጋይ ላይ ጎንበስ ብላ አማቷን በእንጉርጉሮ የምትከስ ሚስት፣ ማንም ማዕረግ አልሰጣቸውም። ጌቴ ገላዬ የተባሉት የሥነ ቃል ተመራማሪ በምሥራቅ ጎጃም ገበሬዎች ዘንድ በ1989 ዓ.ም. ስለተካሄደው የመሬት ሽግሽግ የተገጠሙ ቃል ግጥሞችን ሰብስበዋል፤ መሬት የተወሰደበትም መሬት ያገኘውም ስሜቱን በግጥም ተናግሯል። ስብሰባ ላይ እጅ አውጥቶ ለመናገር የሚከብደው ገበሬ ፉከራ ላይ አንደበቱ ይፈታል።

ፉከራው ሲገለበጥ

ስለ ፉከራ ካነሣን በራያ ቆም ማለት ይገባል። ራያ ኩራቱን የማይደብቅ አገር ነው። በ1920ዎቹ መባቻ በማዕከላዊው መንግሥት ላይ ያመፀ፣ ለጠመንጃና ለበትር ስም ያለው፣ አማርኛ፣ ትግርኛና ኦሮምኛ በአንድ ገበያ የሚሰማበት፣ ከአፋር ጋር ገበያም ጠብም የተለማመደ ሕዝብ ነው። ጭፈራው ላይ ይህ ሁሉ ይታያል፤ ወጣቱ በትሩን ይዞ ሲዘል ለሚያየው ሰው ራያ መሆኑን ማስረዳት አያስፈልገውም።

ቀረርቶ በዜማ ይወርዳል፤ ፉከራ ደግሞ ያለ ዜማ፣ በፍጥነት፣ በቁጣ ይነገራል። ፎካሪው አባቱን ይጠራል፣ አገሩን ይጠራል፣ የጣለውን ይቆጥራል። በተራ ንግግር “እኔ ጀግና ነኝ” ያለ ሰው ጉረኛ ይባላል። በፉከራ ያለው ግን አይባልም፤ እንዲያውም “ይበል!” ይባላል። ራስን የማሞገስ ነውርም የሚነሣው በዚያው ፈቃድ ነው። ስለዚህ ኩራትና ነቀፋ የተለያዩ ነገሮች ይምሰሉ እንጂ የሚያልፉበት ቦይ አንድ ነው። ሁለቱም በአደባባይ የማይባለውን ያስብላሉ።

ፈቃዱ የግጥሙ መሆኑን ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳየው ግን የፌዝ ፉከራ ነው። ማሽላ ሲያፈራ ልጆች ማማ ላይ ወጥተው፣ ወንጭፍ ይዘው፣ ወፍ ይጠብቃሉ። አንዱ ልጅ ተነሥቶ የአርበኛውን አነጋገር እንዳለ ይዞ፣ በግራ በቀኝ እየተንጎራደደ፣ ግሪሳ ወፍ መግደሉን ቢፎክር ሰሚው በሳቅ ይፈርሳል። ሳቁ የሚመጣው አድማጩ የመጀመሪያውን፣ የቁም ነገሩን ፉከራ ከልቡ ስለሚያውቀው ነው፤ ከወፉ ሥር አንበሳውን ይሰማል። ፉከራን ፈጽሞ ሰምቶ ለማያውቅ ሰው ያ ልጅ የሚጮኽ ልጅ ብቻ ነው። ፌዝ የሚሠራው ቅርጹ የጋራ በሆነበት አገር ነው። ልጁ በፉከራ ላይ ሳቀ ማለት ፉከራን ናቀ ማለት አይደለም፤ አዋቂ ከመሆኑ በፊት ቅርጹን ለካው፣ ለበሰው፣ ስፋቱን አየው። ጎልማሳ ሲሆን ያው ቅርጽ ልኩ ይሆናል። ይህን በመሰለ ጨዋታ የሚያድግ ልጅ ብዙ ትምህርት ቤት ከሚሰጠው የላቀ የቋንቋ ትምህርት ያገኛል ብዬ አምናለሁ።

ሰሚው ፈጣሪ ሲሆን

ወሎ የመንዙማ አገር ነው። መንዙማ አላህንና ነቢዩን የሚያወድስ፣ በድቤና በጭብጨባ የሚዜም ግጥም ነው፤ አማርኛውና ዓረብኛው ይደባለቁበታል። አብዛኛው መንዙማ ጸሎት ነው። ነገር ግን ለፈጣሪ የሚቀርብ ልመና ውስጥ የምድሩ በደል ይገባል፤ ደግሞ ጸሎትን ማን ይከሳል? በ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ከተደረገ በኋላ የወሎ ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ ሲገደዱ ከተቃወሙት ሊቃውንት አንዱ ሼህ ጠልሃ ቢን ጃዕፈር ነበሩ። በአማርኛ፣ በዓረብኛ ፊደል፣ መንዙማ ደርሰዋል። የአቤቱታው ሰሚ ሲለወጥ የሚባለውም ይለወጣል፤ ለንጉሥ የማይነገረው ለፈጣሪ ይነገራል፤ ሕዝቡም አብሮ ይሰማል።

ረሃብም እንዲሁ ነው። በ1966ቱ ረሃብ የራያና የቆቦ ቆላ ክፉኛ ተመታ። በ77ቱ ደግሞ ከአላማጣ በላይ ያለችው ኮረም፣ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን በተላለፈው ዘገባ፣ ለዓለም የረሃብ ምልክት ሆነች። ዓለም ያየው ምስል ዝም ያለ ሕዝብ ያሳያል። ሕዝቡ ግን ዝም አላለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፈቃደ አዘዘ ገበሬዎች ስለ ድርቅና ረሃብ የገጠሟቸውን ሰብስበው ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳሳዩት፣ የተራበው ሰው ሰማይን ይሞግታል፤ ፈጣሪን “የት ነህ?” ይላል። ይህ በስብከት ቤት ቢባል ክህደት ነው። በእንጉርጉሮ ሲባል ግን ሰሚው “እውነቷን ነው” ብሎ ያለቅሳል። ለመንግሥት ብቻ ሳይሆን ለሰማይም የሚሠራ ፈቃድ ነው።

ውሉን የማያውቅ ገዥ

ፈቃዱ የተጻፈ ሕግ አይደለም። ሰሚ ካላወቀው የለም። በ1929 ዓ.ም. ከየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ በኋላ የጣሊያኑ ገዥ ግራዚያኒ ጠንቋዮች፣ ባሕታውያንና አዝማሪዎች እየተያዙ እንዲገደሉ አዘዘ። የኢትዮጵያ መሳፍንት አዝማሪን ይወዱት ነበር ማለቴ አይደለም፤ የቀጣም ነበረ። ግን የሚያስከፍለውን ያውቁ ነበር፦ በግጥም የተቆጣ ሹም ትንሽ ሰው ይባላል። ጣሊያኑ ይህን ውል አልፈረመም፤ ልጅ ሳለ በማንም ደጅ ሶለል አልሰማም። ለእሱ ግጥም ወሬ ነው፤ ወሬም ጠላት ነው። አንድ ገዥ ባዕድ መሆኑን ከሚናገሩት ምልክቶች አንዱ ይህ ይመስለኛል።

ክትሩ ሳይታደስ ሲቀር

ነሐሴ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ውጊያ ዳግመኛ የተቀሰቀሰው በቆቦ አካባቢ ነበር። ቀኑን ከሶለል ጋር ማስተያየት ነው፤ ጨዋታው በተጀመረ በሦስተኛው ቀን መሆኑ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ክረምትም ከተማዋ በጦርነት ውስጥ ነበረች። ሁለት ዓመት ማለት ለአንዲት ልጅ ብዙ ነው፤ በአሥራ ሁለት ዓመቷ ተቀባይ ሆና በአሥራ አራት አቀንቃኝ የምትሆን ልጅ መማሪያዋ እነዚያ ሁለት ክረምቶች ናቸው። የውዳሴውን ስንኝ ከእናቷ ትሰማዋለች። ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ የሰውየውን ፊት አይቶ፣ ምን ያህል መሸንቆጥ እንደሚቻል መመጠን ግን በመዞር እንጂ በመስማት አይገኝም።

ሁለተኛው ለውጥ ቀስ ብሎ የመጣ ነው። የአማራ ክልል ሻደይ፣ አሸንድዬና ሶለልን በአንድነት እያከበረ ለቱሪዝም ማስተዋወቅ ከጀመረ ዓመታት ተቆጥረዋል። ልጃገረዶቹ መድረክ ላይ ሲወጡ ማየት ደስ ይላል፤ ለባህሉ ክብር መሰጠቱንም እደግፋለሁ። ሆኖም መድረክ ላይ ደጃፍ የለም። እንግዶቹ የክብር ወንበር ላይ የተቀመጡ ናቸው፤ ፕሮግራሙ ቀድሞ ታይቷል። ስለዚህ ውዳሴው ይቀራል፤ ነቀፋው ይወጣል። ከአራቱ የደመና ስንኞች መድረክ የሚወጣው ሁለተኛውና ሦስተኛው ነው። አንደኛውና አራተኛው ቤት ይቀራሉ። አዘጋጆቹ እንዳይፈሩ እለምናለሁ፤ ልጆቹ የከተማውን ከንቲባ በስንኝ ቢሸነቁጡ በዓሉ የበለጠ ሶለል ይሆናል።

ስልኩ ደግሞ ሌላ ችግር አምጥቷል። በአንድ ደጃፍ የተባለ ስንኝ ተቀርጾ፣ በቲክቶክ ተለቆ፣ አዲስ አበባና ዋሽንግተን ይደርሳል። እዚያ ያለው ሰሚ ሰውየው መሳቁን አያይም። ስንኙ ከወቅቱ ተነቅሎ ሲሄድ ፈቃዱን ይዞ አይሄድም፤ ተራ ስድብ ሆኖ ይደርሳል። በሠርግ ላይ ደገኛና ቆለኛ የተቀላለዱበት የኩራት ስንኝ፣ ማንነት የደም ጉዳይ በሆነበት በዚህ ዘመን፣ በማያውቁት ሰዎች እጅ የጦር አዋጅ ሊመስል ይችላል። ሲመስልም አይተናል።

ስለዚህ ለቃል ግጥም ሰብሳቢዎች፣ በተለይም ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ወደ ቆቦ፣ ወደ ሮቢትና ወደ ጎብዬ ለሚወርዱ ተማሪዎች፣ አንድ ልማድ እንዲለወጥ እፈልጋለሁ። በብዙ ጥራዞች ስንኞቹ በርእስ ተመድበው ይገኛሉ፦ የፍቅር፣ የጀግንነት፣ የአስተዳደር ብሶት። የእኔን አራት ስንኞች እንዲህ ባለ ጥራዝ ውስጥ ብናስገባቸው አንደኛው ስለ ስስት፣ አራተኛው ስለ ዝናብ እጥረት ተብሎ ይመዘገብ ነበር። ከስንኙ ጋር መጻፍ ያለበት በየትኛው ቀን፣ በማን ደጅ፣ ማን አቀንቅኖ ማን ተቀበለ፣ የተነካውስ ሰው ምን አደረገ የሚለው ነው። ሳቀ? ሰጠ? ዝም አለ? በሩን ዘጋ? የሚቀጥለው ምዕራፍ በመስክ ላይ ይህን እንዴት መመዝገብ እንደሚቻል፣ በምን ዓይነት ቅጽና በማን ፈቃድ፣ ከአንድ የሠርግ ምሽት ቅጂ ተነሥቶ ያሳያል።